«ዳጣ መድኃኒት ነው»

ሥራዬ አርባ ምንጭ ውስጥ ምግብ ቤቶችን እየዞሩ ንጽሕናቸውን መቆጣጠር ነው። ሰሞኑን ከአንድ ሥጋ ቤት የበሉ ሰዎች በተቅማጥና በትኩሳት ጤና ጣቢያ ገቡ። እኛም ጥሬ ሥጋውን ጠረጠርን። ከታማሚዎቹ አንዷ ተማሪ ግን «እኔ ጥሬ ነክቼ አላውቅም፤ በደንብ የበሰለ ጥብስ በዳጣ ነው የበላሁት» ብላ ድርቅ አለች። ነገሩ ከነከነኝና ሥጋ ቤቱ ሄድኩ። ጓዳ ስገባ፣ ጥሬ ሥጋ በተቆረጠበት መክተፊያ ላይ፣ በዚያው ባልታጠበ ቢላዋ ለዳጣው ቃሪያና ዝንጅብል ይከተፋል። ባለቤቱን ጋሽ ማልዴን ጠርቼ «ይሄ ዳጣ ይደፋ» አልኳቸው።

ሳቁብኝ። «ሥጋውን ማለትሽ ነው? ዳጣ እኮ መድኃኒት ነው ልጄ! ጀርሙን ሁሉ አቃጥሎ ይገድላል።»

«የሚያቃጥለውማ ምላስ ነው! ከቢላዋው የመጣውን ጀርም አይገድልም። ጥብስ ብቻ የበላችውም በዚሁ ዳጣ ነው የታመመችው» አልኩ፤ ተናድጃለሁ።

ሳቃቸው ጠፋ። ስልካቸውን አውጥተው ቤት ደወሉ። ለካ ነፍሰ ጡር ልጃቸውን ጠዋት ሆዷን አሟት፣ ይሻላታል ብለው ከዚሁ ዳጣ ልከውላት ኖሯል።

«እንዳትሰጧት!» ብለው ጮኹ።

«ኧረ በልታ ጨርሳለች» የሚለው የሴት ድምፅ እኔ ጋ ድረስ ተሰማ።

ባጃጅ የጠራሁላቸው እኔ ነኝ።