የበረንዳው ፌሮ

ደሴ፣ በግንባታ ላይ ያለ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ፤ ጠዋት። ወጣቷ መሐንዲስ ማኅደር፣ ፎርማኑ ጋሽ ጥጋቡ አርማታ የጫነውን መኪና በር ላይ እንዳስቆመ ሰምታ መጥታለች።

ማኅደር፦ መኪናውን ያስቁሙ ያለዎት ማነው?

ጋሽ ጥጋቡ፦ ማንም። እኔው ነኝ ያስቆምሁት።

ማኅደር፦ አርማታው እየደረቀ እኮ ነው! ሠላሳ ሰው እጁን አጣጥፎ ያየኛል። ይህን ሥራ የሚመራው ማነው፣ ጋሽ ጥጋቡ?

ጋሽ ጥጋቡ፦ አንቺ ነሽ። ስለዚህ ነዪ፣ የበረንዳውን ፌሮ እዪው።

ማኅደር፦ አይቼዋለሁ። ባለ አሥራ አራት ሚሊ ሜትር፣ በየአሥራ አምስት ሴንቲ ሜትር። ልክ እንደ ፕላኑ ነው።

ጋሽ ጥጋቡ፦ ውፍረቱም ርቀቱም ልክ ነው። የታሰረው የት ነው?

ማኅደር፦ ከሥር።

ጋሽ ጥጋቡ፦ ይህ በሁለት ግድግዳ ላይ የተኛ ወለል አይደለም፤ ሕንፃው አንድ ጫፉን ብቻ የያዘው በረንዳ ነው። ክንድሽን ዘርጊና ጣትሽ ላይ ባልዲ አንጠልጥዪ። የሚወጠረው የትኛው ጅማት ነው?

ማኅደር፦ የላይኛው።

ጋሽ ጥጋቡ፦ እንግዲያስ፤ ፌሮውም መታሰር ያለበት ከላይ ነው።

ማኅደር፦ ቆይ... ሰኞ ሲታሰር አይተዋል?

ጋሽ ጥጋቡ፦ አይቻለሁ።

ማኅደር፦ ዛሬ ሐሙስ ነው! ሦስት ቀን ሙሉ አፍዎን ዘግተው?

ጋሽ ጥጋቡ፦ ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት። በመጣሽ ሳምንት ስለ ደረጃው አንድ ቃል ብተነፍስ ምን አልሽኝ? «ፕላን ማንበብ የእኔ ሥራ ነው፤ እርስዎ የታዘዙትን ይሥሩ።» ከሲሚንቶ ተሸካሚው እስከ ዘበኛው ያልሰማ የለም።

ማኅደር፦ እናም ተቀየሙ። እኔን ለመቅጣት በሰው ነፍስ ተጫወቱ!

ጋሽ ጥጋቡ፦ ትጠይቂኛለሽ ብዬ ጠበቅሁ እንጂ። ሰኞ ያን ፕላን አራት ጊዜ ስትገለብጪው አይቻለሁ። ግራ ገብቶሽ ነበር። ዐሥር እርምጃ ላይ ቆሜ ነበር፣ ልጄ፤ ዐሥር እርምጃ!

ማኅደር፦ አዎ፣ ግራ ገብቶኝ ነበር! «ይህች ልጅ ምን ታውቃለች» እያሉ ሲሥቁብኝ በከረሙ ሰዎች ፊት፣ በገዛ አፌ «አላውቅም» ልበል?

ጋሽ ጥጋቡ፦ ከመጠምጠም መማር ይቅደም።

ማኅደር፦ ተረትዎን ለራስዎ ያድርጉት! እውቀትን ቆልፎ «ለምኑኝ» የሚል ሰው ነው ስለ ትምህርት የሚነግረኝ?

ጋሽ ጥጋቡ፦ ...ይህስ እውነት ነው። ሰኞ መናገር ነበረብኝ። ያንቺ ኩራት ፌሮውን ከሥር አሰረው፤ የኔ ኩራት እስከ ዛሬ አቆየው። በቃ፤ መኪናው ይመለስ፣ ፌሮው ይፈታ። እግዜር ይመስገን፣ የተበላሸው ይኸው አንዱ ነው።

ማኅደር፦ አንዱ ብቻ አይደለም።

ጋሽ ጥጋቡ፦ ሌላ የት አለ?

ማኅደር፦ የሁለተኛው ፎቅ...

ጋሽ ጥጋቡ፦ የሁለተኛው ፎቅ በረንዳ አርማታ ሲሞላ እኔ ለወንድሜ ተዝካር ወረኢሉ ነበርሁ። ያን ጊዜ ማንን ጠይቀሽ አሰርሽ?

ማኅደር፦ ጋሽ ጥጋቡ...

ጋሽ ጥጋቡ፦ ማንን?

ማኅደር፦ ማንንም። እሱም ከሥር ነው የታሰረው፤ እንዳይወድቅ ደግፎ የያዘው ፑንቴሎ ዛሬ ከምሳ በኋላ እንዲነሣ ፈርሜያለሁ። ምን እንደማደርግ አላውቅም፤ ይርዱኝ።