የተራራው ብስክሌት ለእትዬ ይሆናት ይሆን?

ክቡር የወርክሾፓችን ባለቤት፣ ሥራ ሳልችል ሥራ የሰጡኝ ጋሼ፤ ክቡር ዋና መካኒካችን፣ ጎማ ሲሽከረከር በጆሮዎ ብቻ ሰምተው የትኛው ራጂ፣ የትኛው የጎማ ሽቦ እንደላላ የሚያውቁት መምህሬ፤ ክብርት የዕቃ ክፍል ኃላፊያችን፣ ሁላችንም በፍቅር «ወይዘሮ መጋዘን» የምንልዎት እናቴ፤ ከብየዳው ክፍል ወንድሜ ብልጭታ፤ ከቀለም ክፍሉ ወንድሜ ቀለሜ፤ ከበሩ ጥበቃ ለዚህች ሰዓት ወንበር አግኝተው የተቀመጡት አባባ፤ ከሁሉም በኋላ፣ ግን ከማንም ሳታንሺ፣ ዛሬ አመሻሹ ላይ ከአውቶቡስ ወርደሽ ቦርሳሽን እንኳ ሳታስቀምጪ እዚህ የተገኘሽው ታላቅ እኅቴ፣ እትዬ፤ ለያንዳንዳችሁ በየስማችሁና በየማዕረጋችሁ ከልብ የመነጨ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እንደምን አመሻችሁ?

ክቡራትና ክቡራን፣

ይህን ዝግጅት አስባችሁ፣ የመገጣጠሚያ ጠረጴዛዎቹን ወደ ግድግዳ ገፍታችሁ፣ ቅባቱን ከወለሉ ላይ አጥባችሁ ነገ ወደ መንደሬ ስለምትሸኙኝ አመሰግናለሁ።

እኔ አራተኛ ክፍል ላይ ትምህርቴን ያቋረጥሁ ሰው ነኝ። በሰው ፊት ቆሜ ንግግር ሳደርግ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ስለዚህ ስለማውቀው አንድ ነገር ብቻ ልናገር፤ እዚህ ከኋላዬ በሸራ ተሸፍኖ ስለቆመው ብስክሌት።

ነገሩን ለማታውቁ ላስረዳ። እኅቴ በተወለድንበት መንደር ጤና ጣቢያ በጽዳት ሥራ ትተዳደራለች። በቅርቡ ከኮረብታው ማዶ ላሉ የአልጋ ቁራኛ ሕመምተኞች መድኃኒት የሚያደርስ ሰው ተፈለገ። መንገዱ ድንጋያማ ነው፤ መኪና አይገባበትም። እትዬ «እኔ እሞክራለሁ» አለች። የሰጧት ከእርሷ በፊት የነበረው ሠራተኛ ትቶት የሄደውን ብስክሌት ነው። ሰውየው፣ እንደሰማሁት፣ በር በገባ ቁጥር ጎንበስ የሚል ረጅም ሰው ነበር። እትዬ ገና የመጀመሪያውን ቁልቁለት ስትወርድ ወደቀች። ከዚያ ወዲህ ብስክሌት ባየች ቁጥር መንገድ ትለውጣለች። ከነገ ወዲያ ጠዋት ለጤና ጣቢያው ኃላፊ ወይ «እሠራለሁ» ወይ «ይቅርብኝ» ብላ መልስ መስጠት አለባት።

እንግዲህ እኔ የብስክሌት ወርክሾፕ ሠራተኛ ነኝ። ይህን ሰምቼ እንዴት ዝም ልበል?

ለዋናው መካኒካችን ስነግራቸው ይጠርጉት የነበረውን መፍቻ አስቀመጡና፣ «በል ልኳን አምጣ፤ እንሠራላታለን» አሉኝ። ጋሼም ከመጋዘን የምፈልገውን እንድወስድ ፈቀዱ። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ልኳን ለማምጣት ግን እኅቴን በስልክ መጠየቅ ነበረብኝ፤ ጉዱ የመጣው ያኔ ነው።

የተራራ ብስክሌት ለመምረጥ መጀመሪያ የሚያስፈልገው የሰውየው ጠቅላላ ቁመት አይደለም፤ ከሁለቱ እግሮች መገናኛ እስከ መሬት ያለው ርዝመት ነው። ይህን ለደንበኛ በየቀኑ እንናገራለን። ለታላቅ እኅት ግን እንዴት ይባላል?

«እትዬ፣ ይቅርታ አድርጊልኝና… የእግርሽ ርዝመት ስንት ነው?»

«የጫማ ቁጥሬን ታውቀው የለም እንዴ?»

«ጫማ አይደለም። ከላይ እስከ መሬት ማለቴ ነው።»

«ከየት በላይ?»

«ከ… ከቀበቶ ትንሽ ዝቅ ብሎ።»

«አንተ ልጅ፣ ደህና ነህ? ትኩሳት አለህ እንዴ?»

ወይዘሮ መጋዘን ባይደርሱልኝ ኖሮ እስካሁን ድረስ እየተንተባተብሁ ነበር። ስልኩን ከእጄ ነጠቁና፣ «እኅቴ፣ የወንድምሽ ላብ ስልኩን ሊያበላሸው ነው። እኔ በግልጽ ላስረዳሽ» አሉ። አስረዷት። ሁለቱ እየተሳሳቁ ብዙ አወሩ፤ ስለምን እንደሚስቁ ግን እስከ ዛሬ አልነገሩኝም።

ከቀናት በኋላ በአውቶቡስ ሹፌር እጅ አንድ የተጠቀለለ ክር ደረሰን። እትዬ እንደተነገራት ለክታ፣ በልኳ ቆርጣ ላከችው። ዋናው መካኒክ ክሩን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው ለኩና፣ «መካከለኛ ቴላዮ» ብለው ፈረዱ። ቴላዮ የምንለው፣ እትዬ፣ የብስክሌቱን አጥንት ነው። ብልጭታ ደግሞ በጠንካራ እጁ ወጠር አድርጎ ለካና፣ «የምን መካከለኛ፣ ትልቁ ነው!» አለ። እኔ ስለካው ሌላ፤ አባባ ሊሞክሩት ብለው ሲለኩት የልጆች ብስክሌት ሆነ።

ቀለሜ ከዳር ቆሞ፣ «እባካችሁ ልኬቱን ቶሎ ጨርሱ፤ እስከ ምሳ ሰዓት ከቆየን ሴትዮዋ ጣሪያ ልትነካ ነው» አለን።

ወይዘሮ መጋዘን መጥተው ክሩን በጣታቸው ደባበሱት። «ለመሆኑ ይህ ክር ከምንድን ነው?» ብለው ጠየቁ። ተደወለ። ከሹራቧ ጫፍ የተፈታ የሱፍ ክር ነው! በሳብነው ቁጥር እኅቴ ታድጋለች፤ በለቀቅነው ቁጥር ታጥራለች። እኛ ብረት በሚሊሜትር የምንለካ ሰዎች ሙሉ ጠዋት በሹራብ ላይ ስንጣላ አረፈድን። እትዬ፣ አትሳቂ፤ አንቺም አለሽበት።

ከዚያ በኋላ ጎረቤቷ ያለው ልብስ ሰፊ በሜትሩ ለካት። ቁጥሩ መጣ። መጣና በትንሹና በመካከለኛው ቴላዮ መካከል ቁጭ አለ። ወደዚህም አያደላ፣ ወደዚያም አያደላ።

ክቡራትና ክቡራን፣ በዚህ ወርክሾፕ ውስጥ ከዋናው መካኒክም ሆነ ከማንም ጋር ተከራክሬ አላውቅም። በዚያን ቀን ግን ተከራከርሁ። «መካከለኛው ነው፤ እንዲያውም ትልቁ ቢሆን ይሻላል። እኅቴን አታውቋትም፤ ረጅም ናት» አልሁ። ብልጭታ፣ «እስከ የት?» አለኝ። እጄን ከራሴ በላይ አንስቼ የበሩን ጉበን አሳየሁት።

«ይቺ ታዲያ የመብራት ምሰሶ እንጂ ሴት ናት?» ብሎ ሳቀ።

ወይዘሮ መጋዘን ግን አልሳቁም። ዝግ ብለው፣ «ልጄ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ስታያት የአንተ ቁመት እስከ የት ነበር?» ብለው ጠየቁኝ።

ከቤት ስወጣ ቁመቴ ከክርኗ አያልፍም ነበር።

«አየህ፤ በልብህ የያዝካት ሽቅብ እያየሃት ነው» አሉኝ። «እኔ በባለቤቴ ብስክሌት ዕቃ አመላልስ ነበር። መሪው ይርቀኛል፣ ፍሬኑ ለጣቴ አይደርስም፣ ስቆም የእግር ጣቶቼ ብቻ ናቸው መሬት የሚነኩት። አንድ ቀን ወደቅሁ፤ ይኸው እስከ ዛሬ ዝናብ ሊመጣ ሲል የእጄ አንጓ ይነግረኛል። ሰው ሁሉ ሴት ብስክሌት ትፈራለች ይል ነበር። እኔ የፈራሁት ልኬ ያልሆነውን ነው። ትንሹን ብትወስድ ኮርቻውን ከፍ አድርገህ ታሳድገዋለህ። ትልቁን ግን በምን መጋዝ ታሳጥረዋለህ?»

ዋናው መካኒክም ትንሹን ቴላዮ አነሡና፣ «መገጣጠም ጀምር፤ ትንሹ ነው» አሉኝ።

እንዴት እንደተሠራ ሁሉን ብናገር ይነጋብናል። ግን አንዳንዱን ሳልጠቅስ ብሄድ ውለታ በልቼ መሄድ ይሆንብኛል። መሪው ሰፊ ስለነበር ዋናው መካኒክ ልብስ ሰፊው በላከው የትከሻዋ ስፋት ልክ ከሁለቱም ጫፍ ቆረጡት። የፍሬኑን መያዣ በአንድ ጣት እንዲደረስበት አቅርበው አሰሩት፤ እኔን ዓይኔን አስጨፍነው ሃያ ጊዜ አስያዙኝ። ኮርቻው ከኋላ ሰፋ ያለ ነው፤ ይህም የሴት የመቀመጫ አጥንት ከወንድ ይልቅ የተራራቀ ስለሆነ ነው። ንዝረት የሚያበርደውን የፊቱን ሞላ አላላነው፤ ለወፍራም ሰው የተወጠረ ሞላ በእትዬ ክብደት ከድንጋይ የማይሻል ነበር። ብልጭታ የመድኃኒቱን ሣጥን ማሰሪያ ከኋላ ሲበይድ አንዲት ቅሬታ እንኳ አላሰማም፤ ይህ በታሪክ የመጀመሪያው ነው።

ቀለሜ ብቻ አስቸገረን።

«ለሴት ከሆነ ሮዝ ይሁን፤ አበባም ጣል ጣል ላድርግበት» አለ።

ወይዘሮ መጋዘን፣ «አበባው ፍሬን ይይዛል?» አሉት።

«አይይዝም፤ ግን ያምራል።»

«ሰውየው፣ ሴትዮዋ መድኃኒት ልታደርስ ነው እንጂ ልትዳር ነው እንዴ? የምትወደውን ቀለም ጠይቃት!» ጠየቃት። እትዬ «ጭቃ የማያሳይ ይሁን» አለች። ቀለሜ ለሁለት ቀን አኮረፈና ጭቃ የማያሳይ ቀለም ቀላቅሎ አመጣ። ወንድሜ ቀለሜ፣ አምሮበታል፤ አሁን በሰው ፊት ልናገርልህ።

ያም ሆኖ፣ እውነቱን ልናገር፣ እስከ ዛሬ አመሻሽ ድረስ ልቤ አላረፈም ነበር። ሌሊት ሌሊት «ትንሽ ቢሆንባትስ? ጉልበቷ መሪውን ቢነካስ? የልጅ መጫወቻ አመጣህልኝ ብትለኝስ?» እያልሁ እገላበጥ ነበር። ዛሬ አውቶቡሱ ሲቆም ከሚወርዱት ሰዎች መካከል ረጅሟን ሴት ፈለግሁ። አንዲት አጠር ያለች ሴት ቦርሳዋን ይዛ ፊቴ ቆማ «ማንን ነው የምትፈልገው?» አለችኝ። ድምፅዋን ሰምቼ ነው ያወቅኋት። ስታቅፈኝ ግንባሯ ደረቴ ላይ አረፈ። እትዬ፣ «ለምን አለቀስህ?» ብለሽ ተቆጣሽኝ። በዓይኔ አለቅስ፣ በልቤ ደግሞ «ትንሹ ነው! ትንሹ ነው!» እያልሁ እዘል ነበር።

ነገ ጠዋት ከእትዬ ጋር እንሳፈራለን። በቤታችን የፊት ክፍል የጥገና ሱቅ እከፍታለሁ። እዚህ የተማርሁትን እዚያ እሠራለሁ፤ አንዲት ሴት ብስክሌት ልትገዛ ስትመጣ ቀለም ከማሳየቴ በፊት «ነይ፣ መጀመሪያ በላዩ ቁሚበት» እላታለሁ።

እንግዲህ ልሰናበት። ጋሼ፣ ደጅዎ ደንበኛ አይጣ፤ ልጆችዎ ከዚህ ወርክሾፕ በላይ ያድርሱዎት። መምህሬ፣ ጆሮዎን ይጠብቅልዎት፤ ዓይንዎንም ከብረት ብናኝ። ወይዘሮ መጋዘን፣ ያ አንጓዎ ድኖ ዝናቡን ከሌላ ሰው ይስሙ። ብልጭታ፣ እሳትህ ከብረት በቀር ሌላ አይንካ። ቀለሜ፣ አበባ የምትፈልግ ደንበኛ ይዘዝልህ። አባባ፣ ጤናና ዕድሜ ይስጥዎ፤ የሚገባው ሰው ሁሉ ሰላም ብሎዎት ይግባ። ሁላችሁንም በሥራ ቦታ ፍቅር፣ በቤታችሁ ሰላም አያሳጣችሁ። እንደገና ያገናኘን።

አሁን አንቺን ነው፣ እትዬ።

ሸራውን ገልጬዋለሁ፤ ይኸው። ነይ፣ ቦርሳሽን ለወይዘሮ መጋዘን ስጪ። መጀመሪያ በላዩ ቁሚበት፤ ሁለቱም ተረከዞችሽ መሬት መርገጣቸውን እይ። ከዚያ ግቢውን ዙሪ፤ በመጋዘኑ በኩል ያለውን ቁልቁለት ውረጂው። ማንም አይዝሽም፤ ማንም አይገፋሽም። ከፈራሽ አቁሚ፤ እግርሽ መሬት ይደርሳል።

ለእኔ ብለሽ ግን አትዋሺ። እነዚህ ሰዎች ደክመዋል ብለሽም አትዋሺ። ካልሆነሽ «አልሆነኝም» በይ፤ መፍቻዎቹ አልተቆለፈባቸውም፣ እስኪነጋ እንሠራዋለን። ከሆነሽ ደግሞ ለጤና ጣቢያው ኃላፊ ከነገ ወዲያ የምትሰጪውን መልስ ዛሬ እዚሁ ንገሪን።

አባባ፣ እባክዎ ወደ ግቢው የሚያስወጣውን በር ይክፈቱልን፤ ገና ብርሃን አለ። እትዬ፣ ዞረሽ እስክትመለሺ ማንም ከዚህ አይነቃነቅም። ይሆንሻል ወይስ አይሆንሽም? መልስሽን እንጠብቃለን።