ደህና ነኝ የተባለው ስልክ

ወጣቶች የሆዳቸውን ሁሉ ለስልክ ይናገራሉ ይባላል። ምንም አይናገሩም። ከሮቫ ዩድ ሰፈር ወደ ሃኪርያ ሰፈር በሚሄደው የከተማ አውቶቡስ ከፊቴ አንዲት ተማሪና አንዲት ትልቅ ሴት ጎን ለጎን ተቀምጠው ነበር። አይተዋወቁም። ወሬውን የጀመሩት ሴትዮዋ ናቸው።

«ልጄ፣ ስልክሽ ምን እያለ ነው የሚጮኸው?»

«የጭንቀት አፕሊካጽያ ነው፣ እማማ፤ ስልክ ላይ የሚጫን ፕሮግራም። ትምህርት ቤት ነው የሰጡን። ጠዋት ጠዋት እንዴት ነሽ ይለኛል።»

«ጨዋ ነው። ምን ትይዋለሽ ታዲያ?»

«ደህና፣ ይመስገን።»

«ደህና ነሽ?»

«አይደለሁም።»

«እና ለምን ትዋሺዋለሽ?»

«መጀመሪያ ሲጠይቁን እንደዚያ አይደል የሚባለው? እናቴ እንዲህ ነው ያሳደገችኝ።»

«እሱስ ምን ይልሻል?»

«"በጣም ጥሩ፣ በዚሁ ቀጥይ" ይለኛል። ከዚያ ይዘጋል።»

«የቢሮ ሰው ነው በይኛ! ጤናሽስ፣ እንቅልፍሽስ፣ ምግብሽስ ብሎ አይደግምም?»

«አይደግምም። እናቴ ነበረች የምትደጋግመው። ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ እላትና መጨረሻ ላይ አለቅሳለሁ።»

«አሁን አትጠይቅሽም?»

«ከፔሳሕ በዓል በኋላ አረፈች፣ እማማ።»

«እኔን ልጄ! እኔን!»

አውቶቡሱ ሁለት መብራት አለፈ።

«ልጄ፣ ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ፣ ይመስገን።»

«ደህና ነሽ ወይ?»

«ደህና ነኝ።»

«እንቅልፍሽስ? ምግብሽስ? ደህና ነሽ?»

ልጅቷ ግንባሯን ሴትዮዋ ትከሻ ላይ ጣለች።

እኔ መውረጃዬ አልፎኛል፤ አንተ ግን፣ አንባቢ፣ ዛሬ «ደህና ነኝ» ብሎህ ስልኩን ለዘጋው ሰው መልሰህ ደውልለት።