አቀበት ላይ ብቻ የምታፈሰው መኪና
ስሙኝማ! ጋሽ ቱፋ አሮጌዋን ቀይ ስፖርት መኪናቸውን እየነዱ ከዴራ አሰላ ጋራዤ ሲደርሱ፣ ቤንዚን ቤንዚን ትሸታለች። በማግስቱ ልጃቸውን ይድራሉ፤ ሙሽራዋን አዳራሽ የምታደርሰው ደግሞ ይህቺው መኪና ናት። «ታንከሩ ተበስቷል፤ ሳሙና ለጥፊበትና ልሂድ» አሉኝ። ሥሯ ገብቼ ባይ አንዲት ጠብታ የለም። እንዴት ብዬ ሳስብ፣ ለካ ጋራዤ ሜዳ ነው፤ ከዴራ አሰላ ግን አቀበት! አውጥቼ አፍንጫዋን ሽቅብ አድርጌ ዳገቱ ላይ አቆምኳት። ቤንዚኑ ወደ ኋላ ሲሄድ፣ ከታንከሩ በላይ ያለው የቤንዚን መሙያው የጎማ ቱቦ ተሰንጥቆ ኖሮ ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ። «ያዝኩሽ!» ብዬ ጮህኩ።

ቱቦውን ቀይሬ ያንኑ ዳገት ነዳኋት፤ ጠብታም ሽታም የለም። ቁልፉን ስሰጣቸው ጋሽ ቱፋ እጃቸውን ሰበሰቡ። «ወንበሯ ሁለት ብቻ ነው፤ ነገ ልጄን አንቺ አድርሺልኝ። እኔ በሚኒባስ እከተላችኋለሁ።»