እግዜር ይስጥህ

እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። የደብረ ብርሃንን ብርድ ታውቁታላችሁ፤ ጋቢዬን ደርቤ፣ በክራንቼ እየተራመድኩ፣ አዝማሪ ልሰማ ወደ አንድ ባህል ቤት ሄድኩ። ገና አፌን ሳልከፍት በረኛው «እግዜር ይስጥህ» አለኝ። ለለማኝ የምንላትን እሷኑ። «አሜን» ብዬ ልገባ ስል ክንዱን በሩ ላይ ዘረጋ። «ኧረ ልዝናና ነው የመጣሁት» አልኩት። ከላይ እስከ ታች አየኝና «ውስጥ ጭፈራ ነው፤ ለአንተው ብዬ ነው፣ ይረግጡሃል» አለ። እኔ ስልሳ ሕፃን በአንድ ክፍል የማስተምር ሰው ነኝ፤ መረገጥ ብርቄ አይደለም።

ንዴቴ መጣ። በዚያው ቅጽበት ማሲንቆው ከውስጥ ዝግ አለ፤ አዝማሪው ግጥም የሚሰጠው ሰው እየጠበቀ ነው። አንገቴን በበረኛው ብብት ስር አሾልኬ «ተቀበል» አልኩ። አዝማሪ ደግሞ ተቀበል ከተባለ ሰጪው ማን እንደሆነ አይጠይቅም።

«እግዜር ይስጥህ ቢለኝ በረኛው ከደጅ፣
እሱማ ሰጥቶኛል፣ በሩን ልቀቅ እንጅ።»

አዝማሪው ደጋግሞ ዘፈነው፤ ቤቱ በሳቅ አውካካ። የቤቱ ባለቤት እጇን በሽርጧ እያበሰች ወጥታ ራሷ ከፊት ወንበር አስቀመጠችኝ።

ስወጣ በረኛው በሩን በሁለት እጁ ከፍቶ ያዘልኝ። «እግዜር ይስጥህ» አልኩት። አሜን ለማለት ትንሽ ዘገየ።