«ተመለስ» ያስቀረብኝ ጨዋታ

ሞጣ ያሳተምኩትን አዲስ የዳይስ ጨዋታ ይዤ ቢቸና አንድ መጻሕፍት መደብር ገባሁ። በሰሌዳው ላይ ከደጀን ተነሥቶ ሞጣ ቀድሞ የገባ ያሸንፋል። ባለ መደብሯ፣ «መሪጌታ ከወደዱት እሸጥልሃለሁ» ብላ ሰሌዳውን እዚያው ተቀምጠው ለነበሩ አንድ አረጋዊ የቅኔ መምህር ዘረጋችላቸው። ሦስታችንም መጫወት ጀመርን። መሪጌታ ሞጣ ሊገቡ ሲሉ፣ «መኪናህ ተበላሽቷል፤ ደጀን ተመለስ» የሚል ሳጥን ላይ አረፉ።

ቀና ብለው አዩኝ። «መመለሱንስ እመለስ ነበር። ግን በዚህ ሽበቴ አንተ ልባል?» አሉና ጠጠራቸውን ሳያነሡ ቀሩ። ባለ መደብሯም ተከትላ እዚያው አረፈች። «እኔንማ ጭራሽ አይመለከተኝም፤ ሴት ነኝ!» አለች። ሳቄ ቢመጣም ልፋቴ ሁሉ መና ሊቀር መሆኑ አስደነገጠኝ። ሞጣ ሄጄ «መኪናዎ ተበላሽቷል፤ ይመለሱ» ብዬ እንደገና አሳተምኩት።

መሪጌታ በአዲሱም እዚያው ሳጥን ላይ ወደቁ። «እንዲህ በአክብሮት ከተጠየቅሁማ እንዴት እምቢ እላለሁ!» ብለው እየሳቁ ደጀን ወረዱ።