«ፉጋ» ማለት ስድብ ነው ወይስ አይደለም በሚል ክርክር የተሰጠ የምስክር ቃል

የምስክሩ ስም፦ አቶ ገብረወልድ ሽብሩ
ዕድሜ፦ 58
ሥራ፦ የጨውና የጨርቅ ነጋዴ
አድራሻ፦ ሆሳዕና ከተማ፣ ገበያው አጠገብ
ቀን፦ ኅዳር 14 ቀን 1959 ዓ.ም.

ያለፈው ቅዳሜ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ገደማ ሱቄ በር ላይ ቆሜ ሳለሁ፣ ጎረቤቴ አቶ ተገኘ እንስራ ሊገዛ ከሱቄ ፊት ለፊት ሸክላ ከምትሸጠው ፉጋ ዘንድ ሄደ። «አንቺ ፉጋ፣ ይኼ ስንት ነው?» ሲላት ሰምቻለሁ። ፉጋዋም እንደ ወትሮዋ ስቃ ዋጋውን ነገረችው። እኔም የምጠራት በዚሁ ነው፤ ወቅሳኝ አታውቅም። አባቶቻችን ሸክላ ሠሪውን ሁሉ ሲጠሩበት የኖሩት ስም ነው፤ በክፋት አይደለም።

ልጇ ተረፈ መምህርነት ተምሮ ጨርሶ ጊምቢቹ ተመድቧል። ከመሄዱ በፊት ሊያግዛት መጥቶ ኖሮ ቀና ብሎ «እናቴ ስም አላቸው፤ በስማቸው ይጥሯቸው» አለ። እሷ አንቱ ስትባል የሰማሁት ያን ቀን ነው፤ እውነቱን ለመናገር ሳቄ መጣ። ተገኘም ስቆ «ታዲያ ምን ልበላት? እመቤቴ ልበላት?» ሲል ልጁ ገፈተረው። ተገኘ ድንጋይ ላይ ወድቆ ክንዱ ተሰበረ። እሱ ግን ልጁን ለመምታት እጁን አላነሳም።

በዚያው ቀን መርማሪው ሃምሳ አለቃ ወልደ ማርያም ስድብ ነበረ ወይ ሲሉ ጠየቁኝ። ከነበረ የልጁ ጥፋት እንደሚቀልለት፣ ካልነበረ ግን ታስሮ ሥራውም እንደሚቀርበት አስረዱኝ። ስድብ አልነበረም ብያለሁ። የስምንተኛ ክፍል ተማሪዋ ልጄ ትርፊት ግን ይህን ሰምታ «አባዬ፣ አንተን ስምህን ትተው ‹አንተ ጉራጌ› ሲሉህ ትቆጣ የለም እንዴ?» ብላኝ ከዚያ ወዲህ ከእኔ ጋር ማዕድ አትቀርብም። የዛሬ ልጆች ትምህርት ቤት የሚማሩት አባት መገሠጽ ነው መሰለኝ። ቢሆንም ያለ እሷ እህል አልወርድልህ ብሎኛል።

ዛሬ ሴትየዋ እዚሁ ጣቢያ በፊቴ ተጠየቀች። «ጌታዬ፣ አልሰደቡኝም፤ ስማችን ነው» አለች። ተገኘን ደስ ካሰኘሁት ልጄን ይምርልኛል ብላ ይመስለኛል፤ በዚያ ቃሏ ልጇን እንደምትጎዳው አላወቀችም። ልጁ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ያለችው እኔ ያልኩትን ነው፤ ነገር ግን ደስ አላለኝም። ስሟን ሲጠይቋት «እታለም» አለች። ይህን ያህል ዘመን ከደጄ ስትሸጥ ስሟን የሰማሁት ዛሬ ነው።

ቃሌ ሲነበብልኝ፣ እኔ ራሴ ከላይ ፉጋ ያልኩት ተሰርዞ እታለም ተብሎ እንዲጻፍልኝ ጠየቅሁ። ሃምሳ አለቃው «ስድብ ካልሆነ ለምን ይሰረዛል?» አሉኝ።

ያየሁትንና የሰማሁትን ሳልሸሽግ ተናግሬ፣ ለዚህ ለመጨረሻው ጥያቄ ብቻ መልስ ሳልሰጥ ፈርሜያለሁ።

የምስክሩ ፊርማ፦ ገብረወልድ ሽብሩ
ቃሉን የተቀበለው፦ ሃምሳ አለቃ ወልደ ማርያም